ያልተሞላው መስመር

«ጥናት» የሚለው ቃል ሲነሣ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ደብተር ዘርግቶ ለፈተና መሸምደድ ነው። ነገር ግን ቃሉ ሁለት ፍች አለው፤ ይኸውም አንደኛው ሌላ ሰው ያወቀውን መማር ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና ማንም ያላወቀውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው። የሁለተኛው ዐይነት ጥናት መጽሐፍ የለውም፤ ገጹን የሚጽፈው ተማሪው ራሱ ነው። በአንደኛው ዐይነት ጥናት ሰነፍ ተማሪ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ግን እንዲያው በግምት የጻፈ ተማሪ የሚጎዳው በዚያ ጽሑፍ የሚፈረድበትን ሰው ነው። እኔና አራት የክፍል ጓደኞቼ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ካደረግነው ትንሽ ጥናት የተማርነውን ባካፍል፣ ምናልባት ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ይጠቅም ይሆናል በማለት ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ።

የጥናቱ መነሻ የትምህርት ቤታችን በር ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት በሩ ልክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ከውጭ ይቆማል፤ ሦስት ጊዜ የደገመም ወላጅ እንዲያመጣ ይታዘዛል። ደንቡ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ደንብ የሌለው ትምህርት ቤት ገበያ ነው። ነገር ግን ስለ አርፋጆች ሁልጊዜ የሚነገረው ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ስንፍና ነው። እኛ ደግሞ ከአርፋጆቹ መካከል አንዳንዶቹን እናውቃቸዋለን፤ እጃቸው በጀሪካን ማንጠልጠያ የቆሰለ ልጆች ናቸው። በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ በየቤቱ የገባላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የቀረነው ከቦኖ እንቀዳለን። ቦኖውም በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ይህን ለሒሳብ መምህራችን ብንነግራቸው፣ «እኔን ማሳመን አያስፈልግም፤ በቍጥር አሳዩ» ብለው ሥራውን ሰጡን።

ቍጥር መሰብሰብ ማለት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከቤት ቤት መዞር ብቻ መስሎን ነበር። መምህራችን ግን ዋናውን ሥራ ከመጀመራችን በፊት በጥቂት ቤቶች እንድንሞክረው አዘዙን፤ በዚያም ሙከራ ሦስት ነገሮች ተገለጡልን።

አንደኛው የጥያቄው አጠያየቅ ነው። «ውኃ ለመቅዳት ብዙ ትቆያላችሁ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ በየቤቱ «ተመስገን ነው፤ ምን እንላለን» የሚል ሆነ። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላለታል እንጂ ችግር አይዘረዘርለትም። ደግሞም «ብዙ» የሚለው ቃል መለኪያ የለውም፤ ለአንዱ ብዙ የሆነው ለሌላው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥነውና «ባለፈው የውኃ ቀን ስንት ሰዓት ወጣችሁ? ስንት ሰዓት ተመለሳችሁ?» አልን። ስለ አንድ የታወቀ ቀን የተጠየቀ ሰው ያስታውሳል፤ ስለ «ብዙውን ጊዜ» የተጠየቀ ሰው ግን ይገምታል።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዱ የስልኩን ሰዓት አይቶ 7:25 ብሎ ሲመዘግብ፣ ሌላው ያንኑ ደቂቃ በአገራችን አቈጣጠር 1:25 ብሎ ጻፈው። ሁለቱም እውነት ነው፤ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ቢደባለቁ ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣሉ። ከዚያ ወዲህ በየወረቀቱ ራስጌ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል ቃል አሰፈርን።

ሦስተኛው የክብ ቍጥር ነገር ነው። የቆይታ ጊዜ የተጠየቀ ሰው «ግማሽ ሰዓት»፣ «አንድ ሰዓት» ይላል እንጂ «ሠላሳ ሰባት ደቂቃ» የሚል የለም። ይህ የእኛ ሰፈር ጠባይ ብቻ አይደለም። በአገራችን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት የሕዝብ ቈጠራዎች የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቀው ብዙ ሰው ዕድሜውን በ0 ወይም በ5 በሚጨርስ ቍጥር ተናግሯል፤ ከዚህም የተነሣ 30 እና 40 ዓመት ነኝ ባዩ ከ29ኙና ከ41ዱ እጅግ በዝቶ ተገኝቷል። ሰው በውሸት አይደለም እንዲህ የሚለው፤ ትዝታው በክብ ቍጥር ስለሚያርፍ ነው። እኛም መፍትሔ ፈለግንለት። «ስትወጪ አዛን ተብሎ ነበር? ስትመለሺ የቅዳሴው ደወል ተደውሎ ነበር? የመጀመሪያው ታክሲ አልፎ ነበር?» እያልን፣ ሁሉ ሰው በሚያውቀው ምልክት ሰዓቱን ማጣራት ጀመርን።

ዋናው ሥራ ሲጀመር 40 ቤቶችን ተከፋፈልን። ለራሳችን ቤት እንዳናዳላ፣ ማንም የገዛ ቤቱን እንዳይጠይቅ ተስማማን። የእኛ ቤት ለአንዲት የክፍል ጓደኛችን ደረሳት። ማታ ወረቀቶቹን ሰብስበን ስናይ የአባቴ መልስ እንዲህ ተጽፎ ነበር፤ «ውኃው ቅርብ ነው፤ ልጆቹ ደርሰው ይመለሳሉ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።»

በእኛ ቤት ውኃ የምንቀዳው እኔና ታናሽ እኅቴ በፈረቃ ነን። ሩብ ሰዓት አለመሆኑን እግሬ ያውቀዋል። መስመሩን ሰርዤ እውነተኛውን ለመጻፍ እስክሪብቶዬን አነሣሁና በማግሥቱ መምህራችንን መጀመሪያ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ «አባትህ የተናገሩትን ልታርመው አትችልም። የተጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ የመለሱትም የሚያውቁትን ነው። መልሱ ካልበቃህ ሌላ ሰው ጠይቅ እንጂ መልስ አትቀይር» አሉኝ። ነገሩን ሳስበው ልክ ነበሩ። አባቴ አልዋሹም። ማለዳ ለሥራ ወጥተው ማታ ሲመለሱ ጀሪካኖቹ ሞልተው ያገኟቸዋል፤ ለእሳቸው ውኃ ማለት የሞላ ጀሪካን ነው። ወረፋውን የሚያውቀው የቆመበት ሰው ነው።

በዚህም ምክንያት መጠይቃችንን ሁለት መስመር አደረግነው። በአንደኛው መስመር የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ ይመልሳሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ ባለፈው የውኃ ቀን በእጁ የቀዳው ሰው ይመልሳል። ለ40ዎቹም ቤቶች እንደ ገና ዞርን። የሁለቱ መስመሮች ልዩነት አስደነቀን፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጀሪካን ውኃ ሁለት የተለያየ ዓለም ይናገሩ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ፈተናው የመጣው። ሥራውን የምናስረክበው ዓርብ ሲሆን፣ ረቡዕ ማታ ወረቀቶቹን ብንቈጥር በ9 ቤቶች ሁለተኛው መስመር ባዶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ «የ31ዱን አማካይ እናውጣና በዘጠኙ ባዶ ቦታዎች እንጻፈው። አማካዩ አይለወጥም፤ ማንንም አንጎዳም፤ ሠንጠረዡም ይሞላል» አለ። ይህ ጓደኛችን አጭበርባሪ አይደለም፤ ከአምስታችንም በሒሳብ የሚበልጠው እርሱ ነው። እንደ ሒሳብ ከሆነ የተናገረው ትክክል ነው፤ በባዶው ቦታ ሁሉ አማካዩ ቢገባ አማካዩ ንቅንቅ አይልም። ሁላችንም ደክሞን ስለ ነበር ዝም አልን።

ዝምታውን ያቋረጠችው ቤታችንን የጠየቀችው ጓደኛችን ናት። «ባዶዎቹ የማን ናቸው?» አለች። ከባዶው መስመር ጎን በእርሳስ የተጻፈውን ማስታወሻ እያነበብን ሄድን። በአንዱ ቤት ልጁ ታሞ ተኝቷል። በሌላው ልጅቷ መመለስ አልፈለገችም፤ እርሱም መብቷ ነው። በሰባቱ ግን የተጻፈው አንድ ዐይነት ቃል ነበር፤ «ልጅቷ የለችም፤ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች።»

ያን ጊዜ ነገሩ ግልጽ ሆነልን። እኛ የሄድነው በውኃ ቀን ከትምህርት በፊት ነበር። ቤት ያገኘናቸው ቀድተው የተመለሱትን ነው። ያላገኘናቸው ገና ወረፋ ላይ የነበሩትን ነው። የምንፈልገውን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ልጆች፣ በዚያው በምንፈልገው ነገር ምክንያት ከወረቀታችን ጠፍተዋል! አማካዩን በስማቸው ብንጽፍላቸው ኖሮ፣ ቶሎ የተመለሱትን ልጆች ሰዓት ላልተመለሱት እንሰጥ ነበር።

መምህራችን ይህን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው በአሜሪካ በ1936 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሆነውን አንድ ታሪክ አጫወቱን። ሊተረሪ ዳይጀስት የሚባል ታላቅ መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫውን ውጤት አስቀድሞ ለማወቅ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠየቂያ ወረቀት ላከ፤ ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚሆን መልስም ተመለሰለት። ከዚህ የሚበልጥ መረጃ ማን ሊሰበስብ ይችላል? መጽሔቱም ላንደን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ምርጫው ሲደረግ ግን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። ምክንያቱ ምን ነበር ቢባል፣ ብዙዎቹ ስሞች የተገኙት ከስልክ መዝገብና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ስለ ነበር ድኻው አልተጠየቀም፤ ደግሞም ወረቀቱን ሞልተው የመለሱት ሰዎች ካልመለሱት ጋር አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። ስለዚህ የመልስ ብዛት ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ዝም ያለው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የማስረከቢያው ቀን በአንድ ሳምንት ተራዘመልንና፣ በሚቀጥለው የውኃ ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሁለት ጓደኞቼና እኔ ወደ ቦኖው ወረድን። የእኅቴ ተራ ስለ ነበር እርሷም አብራን ነበረች። ብርዱ ከባድ ነው። ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ተሳስረው ረጅም ሰልፍ ይዘዋል፤ አንዳንድ ቦታ በጀሪካን ፋንታ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ድንጋዩም ባለቤት አለው፤ ማንም አያነሣውም። ወረቀታችንን ይዘን ስንዞር አንዲት አረጋዊት እናት፣ «ምንድር ነው የምትቈጥሩት ልጆቼ? የሰው ልጅ አይቈጠርም» ብለው ተቈጡን። «ሰው አይደለም እማማ፤ ሰዓቱን ነው» ብንላቸው ሳቅ አሉና፣ «ሰዓቱንማ ቍጠሩት፤ እኛስ መቍጠር ሰልችቶናል» አሉን።

ከሰባቱ ልጆች ስድስቱን እዚያ አገኘናቸው። የስድስቱም ቆይታ በወረቀታችን ላይ ከነበረው አማካይ በላይ ሆነ። ለምን እንደሚቆዩም በዐይናችን አየን። በቦኖው ደንብ አንድ ሰው በአንድ ተራ ከሁለት ጀሪካን በላይ መቅዳት አይችልም። የእነዚህ ልጆች እናቶች ጠላ ጠማቂዎችና እንጀራ ጋጋሪዎች ስለሆኑ ሁለት ጀሪካን አይበቃቸውም፤ ስለዚህ ልጆቹ ሁለቱን ቀድተው ወደ ሰልፉ ጅራት ይመለሳሉ፤ እንደ ገና ቀድተው እንደ ገና ይመለሳሉ። ይህን ከጥያቄአችን አንዱም አልያዘውም ነበር። ቁጭ ብለን አማካይ ስናሰላ ብንውል ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ አናውቀውም። ሰባተኛዋን ልጅ ግን ሁለት ጊዜ ፈልገን አጣናት። የእርሷ መስመር በመጨረሻው ሠንጠረዥ ላይም ባዶ ነው፤ በግርጌው «አልተገኘችም» ብለን ጽፈናል።

ከሠንጠረዥ ውጭ የቀረ ሰው እንዴት እንደሚያስተምር የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በ1854 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ሰው ያረግፍ ጀመር። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች በሽታው ከመጥፎ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ከቤት ቤት እየዞረ ሟቾቹ ውኃ የጠጡት ከየት እንደ ነበር ጠየቀና፣ አብዛኞቹ በዚያ መንገድ ከሚገኘው የእጅ ፓምፕ የቀዱ መሆናቸውን አገኘ። ይልቁንም ያስረዱት ከልማዱ የወጡት ሰዎች ናቸው። በፓምፑ አጠገብ ባለ የቢራ ፋብሪካ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ በኮሌራ የሞተባቸው ግን አልነበረም፤ ቢራ ይጠጡ ነበርና። ከሰፈሩ ርቃ ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባልቴት ደግሞ የዚያን ፓምፕ ውኃ ስለምትወድ በየቀኑ እያስመጣች ትጠጣ ነበር፤ በዚያ በሽታ ሞተች። መስከረም 8 ቀን እንደ እነርሱ አቈጣጠር የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን ስኖው ራሱ፣ እጀታው ከመነቀሉ በፊትም በሽታው እየቀነሰ እንደ ነበር አለመደበቁ ነው። ለሐሳቡ የሚጎዳውን ነገር ራሱ ጻፈው።

እኛም ይህን ዐይነት ነገር ገጥሞናል። መረጃውን ስንተነትን የአርፋጆቹን መዝገብ በውኃ ቀንና ውኃ በሌለበት ቀን ለይተን አነጻጸርን። በውኃ ቀን የሚያረፍዱት ከቦኖ የሚቀዱ ልጆች በርክተው ተገኙ። ነገር ግን ውኃ በሌለበት ቀንም የሚያረፍዱ አሉ፤ አንዳንዶቹ ቤታቸው ሩቅ ነው፤ አንዳንዶቹም በእውነት እንቅልፍ ያሸነፋቸው ናቸው። ይህን ብንጽፍ ክርክራችን የሚላላ መሰለን። ሆኖም የማይመቸንን መስመር ብንሰርዝ፣ «ሁሉም ሰነፎች ናቸው» ከሚለው ሰው በምን እንለያለን? ሁለቱንም ጻፍን።

ስለ አማካይም አንድ ቃል ልጨምር። ለምሳሌ ያህል 10 ልጆች ቢኖሩና ዘጠኙ 20 ደቂቃ፣ አንዷ ደግሞ 3 ሰዓት ብትቆይ፣ አማካዩ 36 ደቂቃ ይሆናል። ከዐሥሩ መካከል ግን 36 ደቂቃ የቆየ ማንም የለም። ዘጠኙን ከድካማቸው በላይ አደከማቸው፤ የአንዷን ሦስት ሰዓት ደግሞ ዋጠው። ልጆቹን በቆይታቸው መጠን ደርድረን መካከል ላይ የሚቆመውን ብንወስድ 20 ደቂቃ እናገኛለን፤ ይህም የብዙዎቹን ኑሮ በትክክል ይናገራል፤ አንዷን ግን ጨርሶ አያያትም። ስለዚህ በእኛ ጽሑፍ ላይ አማካዩንም፣ የመካከለኛውንም ልጅ ቆይታ፣ ከሁሉ የረዘመውንም ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አንድ ቍጥር ብቻውን ሲቆም ጥሩ ምስክር አይደለም።

ጥናቱን በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለርእሰ መምህራችንና ለወላጆች ባቀረብን ጊዜ፣ ርእሰ መምህሩ «ታዲያ በሩ አይዘጋ ነው የምትሉት?» ብለው ጠየቁን። «ሠንጠረዡ እንደዚያ አይልም» ብለን መለስን፤ «የሚለው፣ በአርፋጆች መዝገብ ላይ ቀኑና ምክንያቱ ቢጻፍ ሰነፉና ደካማው ይለያሉ ነው።» በሩ ዛሬም 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ግን ዘበኛችን በሚይዙት መዝገብ ላይ «ምክንያት» የሚል ዐምድ ተጨምሯል። ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ ዐምድ ከዚህ በፊት አልነበረም።

አባቴም በዚያ ቀን ከወላጆች መካከል ነበሩ። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው ወደ ቤት ስንሄድ፣ «የእኛ ቤት የትኛው ነው?» አሉኝ። የማንም ስም እንዳልተጻፈና ለጠየቅናቸው ሁሉ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል እንደ ገባን ነገርኋቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። በሚቀጥለው የውኃ ቀን ዋዜማ ግን እራት በልተን ስናበቃ ወደ እኅቴ ዞረው፣ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አሏት። እርሷም ነገረቻቸው።

እንግዲህ ውድ የትምህርት ጓደኞቼ፣ በሚመጣው ዓመት ተራው የእናንተ ነው። መጠይቃችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ነገሩን በእጁ የሚሠራውን ሰው ጠይቁ፤ ስለ አንድ የታወቀ ቀን ጠይቁ፤ የተነገራችሁን እንደ ተነገራችሁ ጻፉ። ስትመለሱም የተሞላውን ከመደመራችሁ በፊት ያልተሞላውን አንድ በአንድ ቍጠሩና የማን እንደሆነ እወቁ። ምናልባት የዚያ መስመር ባለቤት በዚያች ሰዓት ጀሪካኗን ይዛ ከሰልፉ ጅራት ቆማ ይሆናል።